በካልቨርት ክሊፍስ ዳርቻ የሻርክ ጥርስ ቅሪተ አካል አፈላለግ፦ ከዝግጅት እስከ ማጽዳት

ሳሎናችን ያለውን የጥርስ ብልቃጥ ያየ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ከየት አገኛችሁት? እኛም ሄደን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ዞረን ባዶ እጃችንን ተመለስን።» በስልክ ደጋግሜ ካስረዳሁ በኋላ በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

የማወራው ሜሪላንድ ውስጥ በቼሳፒክ ቤይ (ባሕረ ሰላጤ) ምዕራባዊ ዳርቻ ስላሉት ካልቨርት ክሊፍስ ስለሚባሉ ገደሎች ነው። ከዲሲ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ሌላ የቅሪተ አካል ዳርቻ ለምትሄዱም ዘዴው ብዙ አይለወጥም።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ጥርስ ከመፈለጋችሁ በፊት ጠጠር ፈልጉ። ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሲፈልግ የዋለው ጥርስ በማይቆምበት ደቃቅ አሸዋ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

ጥርሱ እዚያ ምን አመጣው?

ይህን ማወቅ የት እንደምትፈልጉ ስለሚነግራችሁ ባጭሩ ልበለው። ገደሎቹ የተሠሩት ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከተጠራቀመ አሸዋ፣ ሸክላና ዛጎል ነው። ያኔ አካባቢው ጥልቀት በሌለው ባሕር የተሸፈነ ነበር። ዘመኑ ማዮሲን ይባላል። ሻርክ በሕይወት ዘመኑ በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ያወልቃል፤ የወለቀው በአዲስ ይተካል። አጽሙ ግን ልም አጥንት ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። በብዛት የሚተርፈው ጥርሱ ነው። ጭቃ ውስጥ የተቀበረው ጥርስ በረጅም ዘመን ማዕድን እየሰረገው ይደነድናል፤ ቀለሙም ወደ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ይለወጣል።

ዛሬ ማዕበሉ የገደሉን ግርጌ ይበላል። አፈሩ ይናዳል። ውሃው አፈሩን አጥቦ ጥርሱን ወደ ዳር ያወጣዋል። ስለዚህ ገደሉን መቆፈር አያስፈልግም። ለዚያውም ክልክል ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ወንፊት። የእንጨት ፍሬም ላይ የሽቦ መረብ መትታችሁ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር (ሩብ ኢንች) ቢሆን ጥሩ ነው። ትንንሾቹን ጥርሶች የምትፈልጉ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ለመጀመሪያ ቀን የፓስታ ማጥለያም ይበቃል።
- አጭር እጀታ ያለው ትንሽ አካፋ። የልጆች የአሸዋ መጫወቻ አካፋም ይሠራል።
- ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ብልቃጥ። ኪስ ውስጥ የተጨመረ ትንሽ ጥርስ ሲሄዱ ይጠፋል፣ ወይም ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲጋጭ ጫፉ ይሰበራል።
- ዚፕሎክ ከረጢት፣ ወረቀትና እርሳስ። እርሳስ ያልኩት የእስክሪብቶ ቀለም በውሃ ስለሚፈስ ነው።
- የውሃ ጫማ ወይም አሮጌ ስኒከር። ዛጎል እግር ይቆርጣል፤ ነጠላ ጫማ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ይቀራል።
- በዊንተር ከሆነ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት፣ ወፍራም ካልሲ፣ ቅያሪ ልብስ።
- ኮፍያ፣ ሰንስክሪን፣ የነፍሳት መከላከያ ስፕሬይ።
- ፖላራይዝድ መነጽር። የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚቀንስ ከውሃው ሥር ያለውን ጠጠር ታያላችሁ።
- የሚጠጣ ውሃና ስንቅ። ዳርቻው ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ለአዋቂዎቹ ቴርሞስ ቡና ከያዛችሁ ቀኑ ይረዝማል።
- ፕላስተርና ትንሽ ሳሙና።

መዶሻ፣ መቆፈሪያ፣ ዶማ አትያዙ። ለዚህ ሥራ አይጠቅሙም፤ ገደሉን እንድትነኩ ይገፋፏችኋል።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ምረጡ

ካልቨርት ክሊፍስ ስቴት ፓርክ ለስቢ በምትባል መንደር አጠገብ ነው። ከፓርኪንጉ እስከ ውሃው 1.8 ማይል፣ ማለትም ወደ 3 ኪሎ ሜትር በጫካ ውስጥ በእግር ይኬዳል። ደርሶ መልሱ 6 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ትንንሽ ልጅ ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ ይህን አስቡበት። ጋሪ የምትገፉም መንገዱ የጫካ መንገድ መሆኑን አትርሱ። ፓርኪንጉ አጠገብ ከአሮጌ ጎማ የተሠራ የልጆች መጫወቻ ስላለ፣ ከቤተሰቡ ግማሹ እዚያ ቢቀር ቀኑ አይባክንበትም።

አጭር እግር መንገድ ለሚፈልግ ፍላግ ፖንድስ ኔቸር ፓርክ ይሻላል። እሱም እዚያው ካልቨርት ካውንቲ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ዳርቻው ግማሽ ማይል ገደማ ነው። ለአዛውንትና ለሕፃናት የምመክረው ይህን ነው።

አሌክሳንድሪያና ውድብሪጅ ያላችሁ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለውን ዌስትሞርላንድ ስቴት ፓርክ ሞክሩ። «ፎሲል ቢች» የሚባል ዳርቻ አለው።

ከመነሣታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ እዩ። የመግቢያ ክፍያ ይለዋወጣል፤ ለነዋሪና ነዋሪ ላልሆነ ሰውም ይለያያል። አንዳንድ ዳርቻዎች በሰመር እንግዳ ይገድባሉ። ፓርኪንግ ሲሞላም መኪና ይመልሳሉ። ይህ በተለይ ለእኛ ሰው መነገር ያለበት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ ከሰዓት የሚደርስ ቤተሰብ፣ በሰመር ከሆነ በር ላይ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ወይም በሥራ ቀን ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት እወቁ

የባሕር ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ገደማ ይሸሻል። ሲሸሽ ከሌላ ጊዜ ውሃ ሥር የሚውለው ጠጠር ይጋለጣል። ጥርሱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ያለፈው ሳምንት ሰዓት ለዚህ ሳምንት አይሠራም። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖአ) ድረ ገጽ ላይ ሰለሞንስ አይላንድ የሚለውን ጣቢያ ብትከፍቱ የዕለቱን ሰዓት ታገኛላችሁ። የስልክ አፕም አለ። የምትፈልጉት «ሎው ታይድ» የሚለውን ነው። ከዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ዳርቻው ላይ ሁኑ። በእግር የምትጓዙበትን ጊዜም ጨምሩበት። ውሃው እየሸሸ ሳለ ተከትላችሁት ስትወርዱ በየደቂቃው አዲስ መሬት ይገለጥላችኋል። ሙላት ሲጀምር ግን የምትፈልጉበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።

እዚህ አካባቢ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋሱም እኩል ይቆጠራል። ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ጠንከር ብሎ የሚነፍስ ነፋስ ውሃውን ከዳር ወደ መሐል ይገፋዋል። በዊንተር እንዲህ ያለ ነፋስ ሲነፍስ ውሃው ከተተነበየው በላይ ይሸሻል። ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ በተቃራኒው ማዕበሉ ዳሩን ይደበድባል። በዚያ ቀን መፈለግ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ገደሉን ያጥባል። ከዚያ በኋላ ጸጥ ሲል መሄድ ነው።

ስለዚህ ምርጡ ቀን ከማዕበል በኋላ ያለው ጸጥ ያለ ጠዋት ነው። ምርጡ ወቅት ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው እላለሁ። ብርድ አለ፤ ሰው ግን የለም። ከእናንተ በፊት መቶ ሰው ያልረገጠው ጠጠር ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ ዳርቻው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ቁሙና እዩ

ወዲያው አታጎንብሱ። ዕቃችሁን አስቀምጡና ዳርቻውን በሙሉ ቃኙ። ሦስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳና አጥር የት አለ? ከዚያ አትለፉ። በስቴት ፓርኩ ከገደሎቹ ሥር ያለው ዳርቻ ዝግ ነው። ክፍት የሆነው ክፍል ለሥራችሁ ይበቃል፤ ሞገዱ ከገደሉ ያወረደውን ጥርስ እዚያ ድረስ ያመጣዋልና።

ሁለተኛ፣ ጠጠርና የዛጎል ስብርባሪ በመስመር የተከማቸበት የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር ታያላችሁ። አንዱ የመጨረሻው ሙላት የደረሰበት ከፍ ያለ መስመር ነው። ሌላው ሞገዱ ተሰብሮ የሚፈርስበት፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የወደቀ ግንድ፣ ትልቅ ድንጋይ ወይም የጅረት አፍ አለ? ሞገድ እንቅፋት ሲያጋጥመው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውን ከባድ ነገር እዚያ ያራግፋል። ከግንድ ጀርባ ያለች አንዲት ክንድ የማትሞላ የጠጠር ኩሬ ከሰፊ አሸዋ የበለጠ ትሰጣለች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃ ነገሮችን በክብደትና በመጠን ይለያል። ደቃቅ አሸዋን ርቆ ይወስዳል። ማዕድን የሰረገው ጥርስ ግን ከአሸዋ ቅንጣት ስለሚከብድ ከጠጠሩ ጋር ይቀራል። ጠጠር በሌለበት ጥርስ ብትፈልጉ ቀኑ ይመሻል።

ደረጃ 4፦ ዓይናችሁን አለማምዱ

ከጠጠሩ መስመር አንድ ቦታ ምረጡና ቁጢጥ በሉ። ቆማችሁ አትፈልጉ። አብዛኛው ጥርስ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ከቁመት ላይ አይታይም።

ሥራው ምስር እንደመልቀም ነው። ምስር የለቀመ ሰው እያንዳንዱን ፍሬ አይመረምርም። ዓይኑን በትሪው ላይ ያንሸራትታል፤ የተለየችው ጠጠር ራሷ ትጠራዋለች። እዚህም እንደዚያው ነው። ዓይናችሁ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፦ ጥቁረትና አንጸባራቂነት። በዚያ ላይ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ከታየ እጃችሁን ስደዱ።

የመጀመሪያዋን ጥርስ ስታገኙ ወደ ብልቃጡ አትቸኩሉ። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አገላብጣችሁ እዩ። አርጥቡት፣ ከጠጠሩ ላይ መልሳችሁ ጣሉት፣ እንደገና ፈልጉት። ዓይን በደንብ የሚማረው በእውነተኛ ጥርስ ነው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ይህን ጨዋታ አድርጉት። ልጆች ለመሬት ስለሚቀርቡ ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ቀድመው ያገኛሉ።

ብርሃኑንም ተጠቀሙበት። ጠዋት ፀሐይ ከባሕሩ በኩል ዝቅ ብላ ስትመጣ እርጥብ ጥርስ ያብረቀርቃል። በአንድ አቅጣጫ ያያችሁትን መስመር ዞራችሁ በሌላ አቅጣጫም እዩት። ብርሃኑ ሲለወጥ ቅድም ያልታየው ይታያል።

ደረጃ 5፦ በወንፊት ሥሩ

በዓይን የሚገኘው ሲያልቅ ወንፊቱን አንሡ።

ሞገዱ በሚሰበርበት ቦታ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ከጉልበት በታች በሆነበት ቁሙ። እግራችሁ ሥር ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ከተሰማችሁ ትክክለኛው ቦታ ነው። ለስላሳ አሸዋ ከሆነ ትንሽ ራቅ ወይም ቀረብ በሉ። ሁለት ሦስት አካፋ ጠጠር ወንፊቱ ላይ አድርጉ። ግማሹን ሞልታችሁ አቁሙ፤ ከሞላ አይናፋም፣ ወገብም ይጎዳል።

ወንፊቱን ውሃው ውስጥ ነክራችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙ። አሸዋው ይወርዳል። ከዚያ አውጥታችሁ የቀረውን በጣታችሁ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ። አንዴ እዩ፤ አገላብጡ፤ ደግማችሁ እዩ። ጥርስ በጀርባው ሲተኛ ከጠጠር አይለይም። ሰዎች ጥርስ ከወንፊት ላይ መልሰው የሚጥሉት ይህችን ማገላበጥ ሲዘሉ ነው።

የምታፈሱትን ጠጠር ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን አፍስሱ። አለበለዚያ ያያችሁትን ደጋግማችሁ ትናፋላችሁ። ዳር ላይ ጉድጓድ ከቆፈራችሁ ስትሄዱ ሙሉት፤ ሌላ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ እግሩን ይሰብርበታል።

አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ጥርስ በአንድ ቦታ ከተገኘ ሞገዱ እዚያ ሌላም አራግፏል ማለት ነው። አንድ አግኝቶ ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ የሚሮጥ ሰው ለሌላው ትቶ ነው የሚሄደው።

ደረጃ 6፦ ጥርስ መሆኑን አረጋግጡ

የሻርክ ጥርስ ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው አካል ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ሥሩ ደብዛዛ፣ ሻካራና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በግልጽ ይታያል። ይህ መስመር ካለ አትጠራጠሩ። ሥሩ ተሰብሮ የላይኛው ብቻ የቀረ ጥርስም ብዙ ነው። ያኔ አንጸባራቂነቱንና የተስተካከለ ቅርጹን ተመልከቱ።

ሰውን የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦

- ጥቁር ጠጠር። ሦስት ማዕዘን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማዕዘኑ ድቡልቡል ነው፣ ሁሉም ጎኑም አንድ ዓይነት ነው።
- የጠቆረ የዛጎል ስባሪ። ጎኑን ስታዩት ንብርብር አለው።
- የጠቆረ እንጨትና ከሰል። በጣም ቀላል ነው፣ በጥፍር ይፈረፈራል።
- የክራብ ጥፍር ጫፍ። ውስጡ ባዶ ነው።

ነጭ ጥርስ ካገኛችሁ ብዙ ጊዜ የዛሬ ዓሣ ወይም የሌላ እንስሳ ነው።

አሁን ዓይነቱን ለመለየት። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ በብዛት የሚገኙትንና ሰው የሚጠይቀኝን ብቻ ላንሣ።

ትንሽ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሥሩ ሰፊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የግራጫ ሻርክ ወገን ነው። ከሁሉም በላይ የምታገኙት ይህን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠርዙ ልሙጥ፣ ሥሩ ሁለት ቅርንጫፍ ከሆነ ሳንድ ታይገር የሚባለው ነው። ወደ አንድ ጎን የጎበጠ፣ ጀርባው ላይ ጥልቅ ስርጉድ ያለው፣ ጠርዙ መጋዝማ ከሆነ የታይገር ሻርክ ነው። ሰፊ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጠርዙ ምንም መጋዝ ከሌለው የጠፋው የ«ማኮ» ዓይነት ትልቅ ሻርክ ሊሆን ይችላል።

እኔ በጣም የምወደው ሄሚፕሪስቲስ የሚባለውን ነው። የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ጎበጥ ያለ ነው። መጋዙ ትልልቅና ግልጽ ነው፤ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ያቆማል። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ያማረ ነው። ካልቨርት ላይ በጥሩ ሁኔታ ይገኛል።

ሜጋሎዶን የሚባለው፣ ድሮ የጠፋው ግዙፍ ሻርክስ? ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። ጥርሱ ከ15 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ወፍራም ነው፤ ጠርዙ በደቃቅ መጋዝ ዙሪያውን የተከበበ ነው። በሥሩና በላይኛው አካል መካከል ጠቆር ያለ የማዕዘን ቅርጽ ያለው ሰቅ አለው። እዚህ ይገኛል፤ ግን ብርቅ ነው። ሙሉ ሜጋሎዶን ይዤ ካልተመለስኩ ብላችሁ አትሂዱ። በተለይ ለልጆች እንዲህ ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ከጥርስ ውጪም ዓይናችሁን ክፈቱ። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ አንድ ጎኑ በስስ መስመር የተሰነጣጠቀ ስባሪ ካገኛችሁ የሬይ ዓሣ መፍጫ ጥርስ ነው። ጠጣርና ከባድ የሆነ ቡናማ ስባሪ የዓሣ ነባሪ ወይም የዶልፊን አጥንት ሊሆን ይችላል። ኤክፎራ የሚባለው ጠመዝማዛና ቡናማ ቀንድ አውጣም አለ፤ የሜሪላንድ ይፋዊ ቅሪተ አካል ነው። በቀላሉ ስለሚፈረካከስ በጨርቅ ጠቅልሉት።

ደረጃ 7፦ እዚያው መዝግቡ

ከመነሣታችሁ በፊት ቀኑንና የዳርቻውን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከጥርሶቹ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አድርጉ። የሁለት ዳርቻ ጥርስ አትቀላቅሉ። ቦታው ያልታወቀ ቅሪተ አካል ያምራል እንጂ ለጥናት አይጠቅምም። በኋላ የሚለይላችሁ ባለሙያም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ነው?» ብሎ ነው።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትገቡ አጽዱ

የቤዩ ውሃ ጨው አለው። ጥርሱን እንዲሁ ብታደርቁት ጨው በሥሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይደርቅና ቀስ በቀስ ሊፈረፍረው ይችላል። ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። በማግሥቱ ውሃውን ቀይራችሁ አንድ ቀን ድገሙት። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ አድርጉት። ጨርቅ ላይ በጥላ አድርቁት፤ ፀሐይና ማሞቂያ ላይ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

በረኪና አትጠቀሙ። ሥሩን ያዳክመዋል። ኮምጣጤና ሎሚም አይሆኑም፤ አሲድ ጥርሱን ራሱን ይበላዋል። ጥቁረቱ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። ማዕድኑ ራሱ ነው፤ በመፈተግ አይለቅም።

በቁም ነገር የምላቸው ማስጠንቀቂያዎች

ገደሉ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ገደሉ ሳይታሰብ ይናዳል። ከዝናብ በኋላ፣ እንዲሁም በዊንተር ውሃው በስንጥቁ ውስጥ ቀዝቅዞ ሲቀልጥ ይብሳል። ሥሩ አትቀመጡ፣ ምሳ አትብሉ፣ ጥላውን አትጠለሉ። ልጆች ከላይ የወደቀ አፈር ላይ እንዲወጡ አትፍቀዱ። ሌላ ሰው ከአጥር ሲያልፍ ብታዩም እናንተ አትለፉ። ሌላ ዳርቻ ከሆናችሁም ውሃው ሲሞላ በገደሉና በውሃው መካከል መውጫ እንዳታጡ ሰዓታችሁን ተከታተሉ።

ዋና። ዳርቻው ላይ የዋና ጠባቂ የለም። አጎንብሶ ጥርስ የሚፈልግ አዋቂ ልጅ መጠበቁን ይረሳል። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ልጆቹን ብቻ ይይ፤ በየተራ ተቀያየሩ።

ቁስል። በሞቃት ወራት በቤዩ ውሃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። ክፍት ቁስል ካላችሁ ውሃ ውስጥ አትግቡ። እዚያው ከተቆረጣችሁ ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም ትኩሳት ቢይዛችሁ ሳታሳድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። ባሕር ውሃ ውስጥ እንደነበራችሁም ንገሩት። ስኳርና የጉበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ።

መዥገር። ወደ ዳርቻው የሚወስደው ጫካ መዥገር አለው። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ዓይነትም ይገኝበታል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ከመንገዱ አትውጡ። ማታ ገላ ስትታጠቡ ብብት፣ ጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላና የልጆችን የራስ ቆዳ ፈትሹ። ፀጉሩ የተሠራ ልጅ ከሆነ በሹሩባው መሐል ጣታችሁን አስኪዱ።

ጄሊፊሽ። በሰመር አጋማሽና መጨረሻ በብዛት ይመጣል፤ ያቃጥላል። ብዙ ካያችሁ ያን ቀን ከውሃው ውጪ ፈልጉ።

መብረቅ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወንፊቱን አንሡና ተመለሱ። መኪናው ሩቅ ነው፤ ዝናቡ እስኪጀምር አትጠብቁ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ዳርቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መዞር። ብዙ መሄድ ብዙ ማግኘት አይደለም። ጥሩ ጠጠር ይዞ መቀመጥ ይበልጣል።

ደረቅ አሸዋ ላይ መፈለግ። ደረቅ ጥርስ አያብረቀርቅም። ከፍ ባለው መስመር ላይ የምትፈልጉ ከሆነ ውሃ ረጨት እያደረጋችሁ እዩ።

ትልቅ ብቻ መፈለግ። ዓይኑን ለሜጋሎዶን ያዘጋጀ ሰው አጠገቡ ያሉትን ትንንሾች አያይም። በትንንሾቹ ያልሠለጠነ ዓይን ትልቁም ግማሹ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲታይ አይለየውም።

የግል ንብረት መርገጥ። ከገደሎቹ ብዙው ክፍል የሰው ቤትና መሬት ነው። ለሕዝብ ክፍት በሆነው ዳርቻ ብቻ ፈልጉ።

ያላወቃችሁት ነገር ሲገጥማችሁ

ከስቴት ፓርኩ ወደ ደቡብ ጥቂት ነድታችሁ ሰለሞንስ ከተማ ውስጥ ካልቨርት ማሪን ሙዚየም አለ። ከእነዚሁ ገደሎች የወጡ ቅሪተ አካላትን ያሳያል፤ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም አሉት። ብልቃጣችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ከመስታወቱ ውስጥ ካሉት ጋር አስተያዩ። ልጆችም ተመስሎ የተሠራውን የሜጋሎዶን አጽም ያያሉ።

የራስ ቅል፣ ተያይዞ የተቀመጠ የአጥንት ሰንሰለት ወይም ከገደሉ የወጣ ትልቅ አጥንት ካያችሁ አትንኩት፣ አትጎትቱት። ከሩቅ ፎቶ አንሡ። መጠኑ እንዲታወቅ ከተቻለ ሰው ወይም አካፋ በፎቶው ይግባ። በስልካችሁ ካርታ ላይ ቦታውን ምልክት አድርጉና ለፓርኩ ሠራተኛ ወይም ለሙዚየሙ ደውሉ።